ጠይቁን፦ ላፕቶፑን በመጨረሻው ቀን አትግዙት

ሰላም አንባቢዎቻችን፣ እንዴት ሰነበታችሁ። በዚህ ሰሞን ከመጡልን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፣ ለእረፍት ወይ ዘመድ ለመጠየቅ ውጭ ስንወጣ ላፕቶፕ ገዝተን ስለመመለስ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ ላፕቶፕ ማለት የብዙ ወር ደሞዝ ሆኗል፣ ስለዚህ ተሳስቶ መግዛት ከድሮው በጣም ያማል። አራት ደብዳቤ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ የሌሎቹም መልስ ግማሹ እዛ ውስጥ ስላለ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። እኔ ግራፊክስ ዲዛይን ነው የምሠራው፣ አሁን ያለኝ ላፕቶፕ ፎቶሾፕ ስከፍትበት ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ መቀየር አለብኝ። ከአክስቴ ልጅ ጋር ለአንድ ሳምንት ዱባይ ልንሄድ ነው፣ ለላፕቶፕ 900 ዶላር አካባቢ ይዣለሁ። ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚለኝ፣ አንዷ ጓደኛዬ ያገለገለ ግዢ በግማሽ ዋጋ ታገኛለሽ ትለኛለች፣ ሌላዋ ሞል ግቢ ታክሱም ይመለስልሻል ትላለች፣ ወንድሜ ደግሞ የዱባይ ኪቦርድ ዓረብኛ ነው ተይው እዚሁ ግዢ ይለኛል። ማንን ልስማ? ደግሞስ ቦሌ ስደርስ ጉምሩክ ያስቸግረኛል? (የጎተራዋ አንባቢያችሁ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፣ ግን ማንም ያልነገረሽ ዋናው ነገር የምትገዢበት ቀን ነው። አንድ ሳምንት ካለሽ በመጀመሪያው ቢበዛ በሁለተኛው ቀን ግዢ። እኛ አገር ሰው ልማዱ ሌላ ነው፣ መጀመሪያ ልብሱን ጫማውን የልጆቹን ዕቃ እንገዛና ላፕቶፑን በተረፈው ብር እንገዛዋለን እያልን እናቆየዋለን፣ ከዛ በረራው ሲደርስ ሮጥ ብለን አንዱ ሱቅ ገብተን ካርቶኑን እንኳን ሳንከፍት አንጠልጥለን እንመጣለን። ላፕቶፕ ደግሞ ጉዱን የሚያወጣው ሁለት ሦስት ቀን ሲሠራበት ነው፣ ያኔ ሻጩ ሌላ አገር ሆኗል።

ይሄን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታናሽ እህቴ ማስተርሷን ልትጀምር ስትል ላፕቶፕ አመጣልሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ዱባይ ሄድኩ። ስድስት ቀን ቆይቼ የገዛሁት በመጨረሻው ቀን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ በረራዬ ሌሊት ነበር። ያገለገለ ቲንክፓድ፣ በጣም ንጹሕ፣ ሻጩ ከፍቶ አሳየኝ፣ ዊንዶውስ ተጭኖበታል፣ ዩቲዩብ ከፈትን፣ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ከፍዬ ወጣሁ። እህቴ ሁለት ሳምንት ሠራችበት፣ ከዛ ቫይረስ የገባበት መስሏት ሪሴት አደረገችው። ሲነሳ ዋይፋይ እንዳገኘ የሆነ የማናውቀው ድርጅት ስም ይዞ መጣና የመሥሪያ ቤትሽን ኢሜይልና ፓስወርድ አስገቢ አላት። ለካ ማሽኑ ማይክሮሶፍት ጋር በዛ ድርጅት ስም ተመዝግቦ ኖሯል፣ አውቶፓይለት ነው የሚሉት፣ ሃርድ ዲስኩን ቀይረን ዊንዶውስ እንደ አዲስ ስንጭንም ኢንተርኔት ሲያገኝ ተመልሶ እዛው ገጽ ላይ ነው የሚቆመው፣ በደንቡ ምዝገባውን ማንሳት ያለበት ያስመዘገበው ድርጅት ነው። ሻጩ ጋ ስደውል አምጣውና እናየዋለን አለኝ፣ አዲስ አበባ ሆኜ የት ልውሰደው? እህቴ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር አሳይመንቶቿን ስልኳ ላይ ነው የጻፈችው። ይሄ ነገር እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

ስለዚህ ያገለገለ ለመግዛት ከወሰንሽ ሻጩን እንዲህ በይው፣ እዚሁ ፊት ለፊቴ ሪሴት አድርገውና ከዋይፋይ ጋር አገናኝተህ ከመጀመሪያው አስነሳው። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅ ይሆናል፣ ሻይ ጠጥተሽ ተመለሺ። የድርጅት ስም ካመጣ ጥለሽው ውጪ። ማክ ቡክ ከሆነ ደግሞ በዛው መንገድ አጥፍቶ ሲነሳ ሪሞት ማኔጅመንት ወይም አክቲቬሽን ሎክ የሚል ገጽ እንዳይመጣ ተመልከቺ፣ የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ካላነሳ ማክ ቡኩ ያንቺ አይሆንም። ባዮስ ውስጥም (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ግቢ፣ ፓስወርድ ከጠየቀሽ ያው ነው፣ ተዪው። ሻጩ ጊዜ የለኝም ካለሽ ሌላ ሱቅ አለ፣ ቡር ዱባይ ኻሊድ ቢን አልወሊድ መንገድ ላይ የኮምፒውተር ሱቅ በሽ በሽ ነው፣ እዛው አቅራቢያ አል አይን ሴንተር የሚባለው ሕንፃ ውስጥም ሞልቷል። እነዚህ ቦታዎች ላይ የተጠራልሽ ዋጋ የመጨረሻው አይደለም፣ ተከራከሪ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሸወድበት ፕሮሰሰሩ፣ ማለት የላፕቶፑ አንጎል፣ ኮር አይ 7 ነው የሚለው ነገር ነው። አይ 7 ስለተባለ ብቻ ከአይ 5 ይበልጣል ማለት አይደለም፣ ከኋላው ያለውን ቁጥር አንብቢ። አይ 7 6600ዩ የሚል ካየሽ የመጀመሪያዋ 6 ስድስተኛ ትውልድ ናት፣ እ.ኤ.አ. የ2015 ዕቃ ነው። አይ 5 1235ዩ የሚለው ደግሞ 12ኛ ትውልድ ነው፣ የ2022፣ አይ 5 ቢሆንም ያኛውን አይ 7 በብዙ ይበልጠዋል። ኢንቴል ከሆነ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ ስለዚህ ከ8ኛ በታች የሆነ ማሽን ምንም ቢረክስ ገንዘብሽን አታውጪበት። በተለይ እንዳንቺ ሥራዋ እሱ ላይ ለሆነ ሰው።

ባትሪውንም እይ፣ መብራት በሚጠፋበት አገር ባትሪ ማለት የሥራ ሰዓት ነው። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፣ ሻጩ ያውቀዋል እንዲያወጣልሽ ጠይቂው፣ ፋብሪካው ሲሠራው 50 ዋት ሰዓት የነበረው አሁን 25 ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግማሹ አልቋል ማለት ነው፣ ወይ ዋጋ ይቀንስልሽ ወይ ባትሪ ይቀይርልሽ።

ያንቺ ጉዳይ ላይ የኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ ግን በ900 ዶላር አዲስ ግዢ ነው የምልሽ። ዲዛይነር ነሽ፣ ላንቺ ከፕሮሰሰሩ እኩል ስክሪኑ ወሳኝ ነው። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ የሚል ስክሪን አለ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ነው፣ አንቺ ቀይ ብለሽ የሠራሽው ማተሚያ ቤት ሌላ ቀለም ሆኖ ይወጣብሻል። 100 በመቶ ኤስአርጂቢ የሚለውን ፈልጊ፣ ካርቶኑ ላይ ካልተጻፈ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ስልክሽ ላይ ፈልገሽ አረጋግጪ፣ ምክንያቱም በአንድ ስም የሚሸጥ ላፕቶፕ አምስት ዓይነት ስክሪንና አምስት ዓይነት ፕሮሰሰር ሊኖረው ይችላል፣ ስሙ ብቻ አይበቃም። ራም ከ16 ጊጋ በታች አትግዢ። ብዙዎቹ አዳዲስ ስስ ላፕቶፖች ራማቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ በኋላ አስጨምራለሁ ብትይ አይቻልም።

ታክሱን በተመለከተ ጓደኛሽ ልክ ናት ግን መጠኑን ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው ትልቅ ብር የሚመለስለት ይመስለዋል። ኤምሬትስ ውስጥ ቫት የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2018 ነው፣ 5 በመቶ ነው። ቱሪስት ከ250 ድርሃም ጀምሮ ከገዛ ይመለስለታል፣ ግን ሱቁ በዚህ አሠራር የተመዘገበ መሆን አለበት፣ ትልልቆቹ ሱቆች አብዛኛዎቹ ናቸው፣ ትንንሾቹ ብዙዎቹ አይደሉም፣ ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂና ፓስፖርትሽን አሳይተሽ አስመዝግቢ። እንበል 3,150 ድርሃም ከከፈልሽ ውስጡ ያለው ቫት 150 ነው፣ ከሱ 87 በመቶው ማለት 130 ድርሃም ከ50 ነው የሚመለሰው፣ ከዛ ላይ 4 ድርሃም ከ80 የአገልግሎት ይቆረጣል፣ እጅሽ የሚገባው 125 ድርሃም ከ70 ነው። 34 ዶላር አካባቢ ማለት ነው። ገንዘብ ነው አትተዪው፣ ግን ለ34 ዶላር ብለሽ በ100 ዶላር የሚበልጥ ሱቅ አትግቢ። ኤርፖርት ስትደርሺ ሻንጣሽን ከማስረከብሽ በፊት ነው የታክስ መመለሻው ጋ የምትሄጂው፣ ዕቃውን አሳዪን ሊሉሽ ይችላሉ። ለዚህም ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ።

በካርድ የምትከፍዪ ከሆነ ማሽኑ በድርሃም ነው ወይስ በካርድሽ ገንዘብ ብሎ ሲጠይቅሽ በድርሃም በይ። በራስሽ ገንዘብ ካልሽ ምንዛሪውን የሚወስንልሽ ያ ማሽን ነው፣ ብዙ ጊዜ ይጎዳሻል።

የወንድምሽ ስጋት ቀላሉ ነው። እዛ የሚሸጡት አብዛኞቹ ኪቦርዶች የእንግሊዝኛው ፊደል በቦታው ሆኖ ዓረብኛው ጎኑ ላይ የታተመበት ነው፣ አማርኛም ስንጽፍ በእንግሊዝኛው ድምፅ ስለሆነ የሚቀየርብሽ ነገር የለም። ሶኬቱ ግን ሦስት ጠፍጣፋ ወፍራም እግር ነው፣ እኛ ግድግዳ አይገባም። አዳፕተር ሰክተሽ እየላላ ከሚያስቸግርሽ ከግድግዳው እስከ ቻርጀሩ ሳጥን ያለችውን ገመድ ብቻ አዲስ አበባ ገዝተሽ ቀይሪያት፣ ተነቃይ ናት።

ጉምሩክ ላይ ደግሞ ቀድሞ መግዛት እዚህም ይጠቅምሻል። ለራስሽ የምትጠቀሚበት አንድ ላፕቶፕ በእጅ ቦርሳሽ ይዘሽ፣ ፋይልሽ ውስጡ ኖሮ፣ ደረሰኝሽ አብሮሽ ካለ የግል ዕቃሽ መሆኑን ለማስረዳት ምንም አትቸገሪም። ሦስት አራት የታሸገ ካርቶን የያዘ ሰው ግን ለንግድ ነው ተብሎ ቀረጥ ክፈል ሊባል ይችላል። ስትጠየቂ እውነቱን ተናገሪ፣ ደረሰኙን አትደብቂ።

አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው ቀን ከገዛሽው ሆቴል ገብተሽ አርፈሽ አትቀመጪ፣ ፎቶሾፑን ጫኚበት፣ ትልቅ ፋይል ክፈቺ፣ ሁሉንም የዩኤስቢ ቀዳዳ ፍላሽ ሰክተሽ ሞክሪ፣ ካሜራውን፣ ማይኩን፣ ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁር ምስል ከፍተሽ ስክሪኑ ላይ ነጥብ እንዳለ እይ፣ ማታ ቻርጅ አድርገሽ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለኪ። የሆነ ነገር ካገኘሽ በሁለተኛው ቀን ደረሰኝሽን ይዘሽ ተመለሺ። የመመለሻ ደንባቸውን ስትገዪ ደረሰኙ ላይ አስጽፊ። ብልሽት ያለበት ዕቃ ሸጠው አንቀበልም ካሉሽ ዱባይ ውስጥ የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት አለ፣ ቱሪስትም ማመልከት ይችላል፣ ይሄን ስትነግሪያቸው ብዙዎቹ ይለሳለሳሉ።

ጥያቄ፦ የተከበርክ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ክረምቱን ልጄ ጋ ቨርጂኒያ አሌክሳንድርያ ሁለት ወር እቆያለሁ። የመጨረሻው ልጄ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ይማራል፣ ላፕቶፕ ልገዛለት አስቤያለሁ። ሰው እንዳጫወተኝ አሜሪካ ግብር አለ፣ ደላዌር ሄዶ የገዛ አይከፍልም፣ ቱሪስት ደግሞ ሲወጣ ይመለስለታል ይላሉ። ኤሌክትሪኩም 110 ስለሆነ ይቃጠላል ብለው አስፈራርተውኛል። አስረዳኝ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አባቴ ጤና ይስጥልኝ፣ ሁለት ወር መኖርዎ ትልቅ ነገር ነው፣ እንደሌላው ሰው አይጣደፉም። ከግብሩ ልጀምር። አሜሪካ እንደ ዱባይ ወይ እንደ አውሮፓ ለቱሪስት የሚመልስ አገር አቀፍ አሠራር የላትም፣ የሽያጭ ግብሩ የየክፍለ ግዛቱ ነው፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ቢገዙ የከፈሉት ቀርቷል ይበሉ። እርስዎ በሚያርፉበት በሰሜን ቨርጂኒያ 6 በመቶ ነው፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ዋጋ ግብሩን ስለማይጨምር 1,000 ዶላር የሚለው ካሽ ሬጅስተሩ ጋ ሲደርሱ 1,060 ይሆናል፣ እንዳይደነግጡ። ደላዌር እውነት ነው የሽያጭ ግብር የለም፣ ክሪስቲያና የሚባለው ሞል አይ 95 አውራ ጎዳና ዳር ነው፣ ከአሌክሳንድርያ በመኪና ሁለት ሰዓት ያልፋል። ለ60 ዶላር ብቻ ልጅዎን ሥራ አስፈትቶ መሄድ፣ ቤንዚኑ፣ የመንገድ ክፍያው፣ አያዋጣም። ፊላደልፊያ ወይ ኒው ዮርክ ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄዱ ከሆነ ግን መንገድዎ ላይ ነው፣ ጎራ ይበሉ።

ኤሌክትሪኩን አይፍሩ። ቻርጀሩ ሳጥን ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ኢንፑት ብሎ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፣ የዛሬ ላፕቶፖች ቻርጀር በሙሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ነው፣ ትራንስፎርመር አያስፈልግም፣ የሶኬቱን እግር ብቻ ነው የሚቀይሩት። የቡና መፍጫ ወይ ብሌንደር ይዘው ቢመጡ ግን 120 ቮልት ብቻ የሚል ብዙ ስላለ እሱ ይቃጠላል፣ ሳያነቡ አይሰኩ።

የእርስዎ ትልቁ አደጋ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ የማይሆን ዓይነት መግዛት ላይ። ሲቪል የሚማር ልጅ ኢታብስ፣ ሳፕ 2000 የሚባሉትን ፕሮግራሞች ይጭናል፣ እነዚህ ዊንዶውስ ላይ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ማክ ቡክ ምንም ቢያምር አይግዙለት። ሱቅ ገብተው ደግሞ 200 ወይ 250 ዶላር የሚል አዲስ ቆንጆ ላፕቶፕ ያያሉ፣ ክሮምቡክ ይባላል፣ ዊንዶውስ አይደለም፣ ኢታብስ አይገባበትም፣ ዋጋው አይቶ የማይጎመጅ የለም ግን ይለፉት። ስናፕድራገን የሚባል ፕሮሰሰር ያለበትንም ለዚህ ልጅ ይተዉት፣ ለሌላ ሥራ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ የምሕንድስና ፕሮግራሞች ላይ ግን ሊያስቸግር ይችላል። ዊንዶውስ 11 ኤስ ሞድ የሚል ካጋጠምዎ ችግር የለውም፣ ከስቶር ብቻ ነው የሚያስጭነው ግን ከዚያ ሞድ በነፃ ማስወጣት ይቻላል። ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ፣ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ ብለው ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ፣ ከዚህ አይውረዱ።

ክረምቱ ለእርስዎ ጥሩ ጊዜ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ትምህርት ሊከፈት ሲል ቅናሽ ይወጣል። የመመለሻውን ቀን ይወቁት፣ ቤስት ባይ እንደ ደንቡ 15 ቀን ነው፣ አፕል 14፣ ኮስትኮ ለኮምፒውተር 90 ቀን ይሰጣል፣ ልጅዎ የኮስትኮ አባል ከሆነች ይሄ ለእርስዎ ሁለት ወር ሙሉ ፋታ ነው። እንደደረሱ ይግዙ፣ ልጁን በቴሌግራም ቪዲዮ ደውለው እያሳዩት ይምረጥ፣ እቤት ሆነው የልጅ ልጆችዎ ይጫወቱበት፣ ችግር ካለው ቀኑ ሳያልፍ ይመልሱት። ሲመለሱ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት፣ በእጅ ይያዙት፣ የሊቲየም ባትሪ ያለበት ዕቃ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል፣ ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክማ ጭራሽ ክልክል ነው። በነገራችን ላይ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳልፉት ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፣ ላፕቶፖች ከዚህ አያልፉም ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ እንደምናችሁ። እኔ ሻርጃ ነው የምሠራው፣ ቤት ውስጥ፣ አራት ዓመቴ ነው። ለመስቀል እረፍት ወስጄ አገሬ እገባለሁ። ወንድሜ 12ኛ ክፍል ነው፣ ፈተናውም በኦንላይን መሰጠት ስለጀመረ ኮምፒውተር ይልመድ ብዬ ከ1,000 ድርሃም የማይበልጥ ልገዛለት ፈልጌያለሁ። ታክሱ ለኔም ይመለሳል? ወይስ ቀድሞ ለሚገባ ሰው ልስጠው? (እህታችሁ ከሻርጃ)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ወንድምሽ እድለኛ ነው። ታክሱ ለአንቺ አይመለስም፣ ሕጉ የሚለው ኤምሬትስ ውስጥ ነዋሪ ላልሆነ ሰው ነው፣ አንቺ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ስላለሽ እንደ ነዋሪ ነው የምትቆጠሪው። በሱ አትዘኚ፣ በዚህ ዋጋ ከ40 ድርሃም አይበልጥም ነበር። በ1,000 ድርሃም አዲስ ብትገዢ ደካማ ነው የሚደርስሽ፣ ጥሩ ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ይሻልሻል፣ ዴል ላቲትዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ቲንክፓድ፣ 8ኛ ትውልድና ከዛ በላይ፣ አዲስ አበባ ያሉ ጠጋኞች እነዚህን ከፍተው ያውቋቸዋል፣ ኪቦርድም ባትሪም አይጠፋም። ለጎተራዋ እህታችን የጻፍኩትን ሪሴት አድርጎ ማስነሳት አደራ አትዝለዪው፣ ያገለገለ ላይ ነው እሱ የሚገጥመው።

አንቺ ደግሞ ሱቅ የምትወጪው በእረፍት ቀንሽ ብቻ ስለሚሆን መግባትሽ ሲቃረብ ሳይሆን አንድ ወር ተኩል ቀደም ብለሽ ግዢ፣ ከዛ በየእረፍት ቀንሽ እየከፈትሽ ፊልም እይበት፣ ከቤተሰብ ጋር አውሪበት። ችግር ካመጣ ገና አራት አምስት የእረፍት ቀን አለሽ። በማታውቂው ሰው አትላኪ፣ አንቺም የሰው የታሸገ ዕቃ አትያዢ፣ ውስጡን ያላየሽውን ዕቃ ኤርፖርት ላይ የምትጠየቂበት አንቺ ነሽ። ራስሽ በእጅሽ ይዘሽ ግቢ፣ ለወንድምሽም ከእጅሽ ቢቀበል ነው ደስ የሚለው።

ጥያቄ፦ ሰላም ብሮ፣ ከሀዋሳ ነኝ። አክስቴ ፍራንክፈርት ነው ያለችው፣ ለሦስት ሳምንት ልጠይቃት እሄዳለሁ፣ እዛ በ800 ዩሮ አካባቢ ላፕቶፕ ብገዛስ? እሷ ካልክ አሁኑኑ ኦንላይን አዝዤ ይጠብቅህ እያለችኝ ነው። እኔ የአማርኛ ትርጉምና ታይፒንግ ሥራ ነው የምሠራው፣ የጀርመን ኪቦርድ ይለያል ይባላል እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ እውነት ነው፣ ላንተ ሥራ ደግሞ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። የጀርመን ኪቦርድ ላይ የዋይና የዜድ ፊደሎች ቦታ ተለዋውጠዋል። እኛ በፎኔቲክ ስንጽፍ ይ በዋይ ነው፣ ዝ በዜድ ነው፣ በአሜሪካ አቀማመጥ የተሠራ የአማርኛ መጻፊያ ከጫንክበት ዘመን ልትል የመን ይወጣብሃል። ጥያቄ ምልክቱ፣ ሰረዙ፣ ቅንፉ ሁሉ ሌላ ቦታ ነው፣ የኢሜይሏን አት (@) የምትጽፈው የቀኙን አልት ይዘህ ኪው ነክተህ ነው። ዊንዶውሱ ላይ ወደ አሜሪካ አቀማመጥ መቀየር በአንድ ደቂቃ ያልቃል፣ ግን ቁልፎቹ ላይ የታተመው ያው የጀርመኑ ሆኖ ይቀራል። ጣትህ ኪቦርዱን ሳታይ የሚጽፍ ከሆነ አትቸገርም። እያየህ የምትጽፍ ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ያደክምሃል። ፈረንሳይና ቤልጂየም ደግሞ ከዚህም ይብሳል፣ ኤና ኪው፣ ዜድና ደብልዩ ናቸው የተለዋወጡት፣ ኤም እንኳን ቦታዋ ላይ የለችም።

የአክስትህ ሐሳብ ላይ ሁለት ነገር አለ። ኦንላይን ከተገዛ አውሮፓ ውስጥ 14 ቀን ምክንያት ሳይሰጡ የመመለስ መብት አለ፣ ሱቅ ሄዶ የተገዛ ላይ ይሄ በሕግ የለም። ግን እሷ ነዋሪ ናት፣ በሷ ስም ከተገዛ የታክስ ተመላሽ ያመልጥሃል። ጀርመን ቫቱ 19 በመቶ ነው፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር ሰው ከ50 ዩሮ በላይ ከገዛና በሦስት ወር ውስጥ ይዞ ከወጣ ይመለስለታል። 800 ዩሮ ውስጥ ያለው ቫት 127 ዩሮ አካባቢ ነው፣ መሃል ያለው ድርጅት የራሱን ስለሚቆርጥ ከዛ ያነሰ ነው የምታገኘው፣ ቢሆንም ከዱባዩ ጋር አይወዳደርም፣ የሚተው ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ አንተ ራስህ በፓስፖርትህ ሱቅ ገብተህ ፎርሙን አስሞልተህ ግዛ፣ ስትወጣ ኤርፖርት ጉምሩክ ጋ ላፕቶፑን፣ ፓስፖርትህን፣ ቲኬትህንና ፎርሙን አሳይተህ ማኅተም አስመታ። ማኅተም የሌለው ፎርም ወረቀት ብቻ ነው።

ሦስት ሳምንት አለህ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሱቆቹን ዙርና የአሜሪካ ወይም ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ያለው እንዳላቸው ጠይቅ፣ ከሌላቸው አንዳንዶቹ አዘው ያስመጡልሃል፣ ለዚህም ነው ቀድመህ ጠይቅ የምልህ። ማክ ከሆነ የምትፈልገው አፕል ስታዝ የኪቦርዱን ቋንቋ ያስመርጥሃል፣ ጥቂት ቀን ይወስዳል። ምንም አማራጭ ካጣህ ደግሞ የጀርመኑን ግዛና የፊደል ስቲከር ለጥፍበት፣ ዋይና ዜድን ብቻ ብትለጥፍ እንኳን ግማሹ ችግርህ ይቀላል።